አንድ ካርድ፣ ሁለት መንገድ፦ የክፍያ ማሽኑ በምን ይመርጣል?

በመካ አል-ሙከረማ በሐረም ዙሪያ ባሉ ሱቆች አንድ የክፍያ ማሽን በአንድ ቀን ከብዙ አገር የመጡ ካርዶችን ያስተናግዳል። የከተማው ነዋሪ በመዳ ካርድ ይከፍላል፤ ከኢንዶኔዥያ የመጣው ዑምራ አድራጊ ቪዛ ያቀርባል፤ ከቻይና የመጣው ደግሞ ዩኒየንፔይ ይይዛል። ባለሱቁ የሚያስገባው የዋጋውን መጠን ብቻ ነው። ካርዱ የየትኛው የክፍያ መረብ እንደሆነና ክፍያው በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት የሚለየው ማሽኑ ራሱ ነው።

ይህ ልየታ ከቴክኒክ ባለሙያዎች አልፎ ካርድ የያዘን ሰው ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ምክንያቱም በሳውዲ ዓረቢያ ባንኮች ከሚሰጧቸው የሒሳብ ካርዶች ብዙዎቹ የአገሪቱን የመዳ ምልክትና የቪዛ ወይም የማስተርካርድን ምልክት አንድ ላይ ይዘዋል። ሁለቱ ምልክቶች በቺፑ ውስጥ ሁለት የክፍያ መተግበሪያዎች መኖራቸውን ያመለክታሉ። ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ሒሳብ ቢሆንም ክፍያው የሚያልፍበት መረብ፣ በእሱም ላይ የሚታሰበው የአገልግሎት ዋጋ እንደተመረጠው መተግበሪያ ይለያያል።

የቺፕ ካርዶች የጋራ ሥርዓት የተጀመረው ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ በ1990ዎቹ አጋማሽ ባወጡት መመሪያ ነው፤ «ኢኤምቪ» የሚለው ስያሜም የተወሰደው ከእነዚሁ ድርጅቶች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ከ1999 ጀምሮ መመሪያውን የሚያስተዳድረው ኢኤምቪኮ የተባለው ተቋም ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የክፍያ መተግበሪያ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። መለያው ቢያንስ 5፣ ቢበዛ 16 ባይት ይረዝማል። የመጀመሪያዎቹ 5 ባይቶች የመተግበሪያውን ባለቤት ያሳውቃሉ፤ የቀሩት ደግሞ ከባለቤቱ ምርቶች መካከል የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። የቪዛ የባለቤትነት ቁጥር በ3፣ የማስተርካርድ በ4 ያበቃል።

ካርዱ ወደ ማሽኑ ሲገባ ቺፑ ኃይል አግኝቶ ይነቃል። ማሽኑም በቅድሚያ «1ፔይ.ሲስ.ዲዲኤፍ01» በሚል ስም የሚታወቀውን ማውጫ ይጠይቃል። ማውጫው በቺፑ ውስጥ ካለ፣ ያሉትን መተግበሪያዎች ከነመለያቸው ይዘረዝራል። ከሌለ ማሽኑ በራሱ ማኅደር ውስጥ የተመዘገቡትን መለያዎች ተራ በተራ እየጠራ «ይህ አለህን?» ሲል ይጠይቃል። ቺፑ መተግበሪያው ካለው መኖሩን ያረጋግጣል፤ ከሌለው አለመኖሩን በአጭር የቁጥር ምልክት ያስታውቃል።

በዚህ መልክ ካርዱም ማሽኑም የሚያውቋቸው መተግበሪያዎች ብቻ በዕጩነት ይመዘገባሉ። በዝርዝሩ አንድም ካልተገኘ ማሽኑ ካርዱን እንደማይቀበል ያስታውቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በካርዱና በማሽኑ መካከል ብቻ ሲሆን፣ ለባንኩ የክፍያ ጥያቄ ገና አልተላከም። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ካርዱ ተቀባይነት ቢያጣ ከሒሳቡ የሚቀነስ ገንዘብ አይኖርም።

ዕጩዎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ምርጫው የሦስት ወገኖች ጉዳይ ይሆናል። የመጀመሪያው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ባንኩ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ ከ1 እስከ 15 የሚደርስ የቅድሚያ ደረጃ በቺፑ ውስጥ ይጽፋል፤ 1 ቁጥር ከሁሉ ይቀድማል። ሲፈልግም «ካርዱ የተሰጠው ሰው ካላረጋገጠ ይህ አይመረጥ» የሚል ምልክት ሊያክል ይችላል። ሁለተኛው ማሽኑን የሚያቀርበው የክፍያ ተቋም ነው፤ ማሽኑ የሚቀበላቸውን መለያዎች የሚወስነው እሱ ነውና። ሦስተኛው ከፋዩ ነው። ማሽኑ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ የመተግበሪያዎቹን ስም በስክሪኑ ላይ አውጥቶ እንዲመርጥ ይጠይቀዋል። ካልሆነ ግን ከፍተኛ ቅድሚያ የተሰጠውን ራሱ ይመርጣል።

ካርዱን በማስጠጋት ብቻ በሚፈጸም ክፍያ የከፋዩ ድርሻ ይጠባል። ማሽኑ «2ፔይ.ሲስ.ዲዲኤፍ01» የተባለውን ሌላ ማውጫ ጠይቆ ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ካርዱ በአጠገቡ የሚቆየው ለቅጽበት ስለሆነም አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩን ሳይጠይቅ በቅድሚያ ደረጃው መሠረት ይወስናል። ፍጥነቱ የተገኘው ምርጫውን በመቀነስ መሆኑ ነው።

መንግሥታት ወደ ጉዳዩ የገቡትም በዚሁ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣውና በዚህ ረገድ ከሰኔ 2016 ጀምሮ በተግባር ላይ ባዋለው ደንብ፣ ነጋዴው ማሽኑን ለአንድ መተግበሪያ ቅድሚያ እንዲሰጥ አድርጎ ማዘጋጀት ይችላል፤ ከፋዩ ሌላውን ልምረጥ ሲል ግን ሊከለክለው አይችልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ትኩረቱ በአገር ውስጥ መረብ ላይ ነው። በሳውዲ ዓረቢያ ሁለት ምልክት ባለው የሒሳብ ካርድ የሚፈጸም የአገር ውስጥ ክፍያ የሚያልፈው በመዳ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ጀይዋን የተባለውን የራሷን የካርድ መረብ ሥራ አስጀምራለች።

ያው ካርድ ድንበር ሲሻገር ሁኔታው ይለወጣል። በሪያድ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ለዕረፍት አዲስ አበባ ሄዶ በሆቴል ሲከፍል፣ በዚያ ያለው ማሽን መዳን በማኅደሩ ስለማያገኘው የቪዛውን ወይም የማስተርካርዱን መተግበሪያ ይመርጣል። ክፍያው በዓለም አቀፉ መረብ ይጓዛል፤ የምንዛሬ ስሌትና ባንኩ ለውጭ ክፍያ የወሰነው ዋጋም ይከተላል። ስለሆነም ከጉዞ በፊት በካርዱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ማየትና ለውጭ አገር ክፍያ ምን ያህል እንደሚታሰብ ባንኩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በስክሪኑ ላይ ሁለት ስሞች ሲታዩም ባለሱቁ እንዲጫን ከመተው በፊት ማንበብ ይበጃል። ክፍያው በየትኛው መተግበሪያ እንዳለፈ ማረጋገጥ ለሚሻ ደግሞ ማስረጃው በእጁ አለ፦ በብዙ ደረሰኞች ላይ ከመተግበሪያው ስም ጋር፣ በላቲኑ «ኤ» ፊደል የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይታተማል። ያ ቁጥር የተመረጠው መተግበሪያ መለያ ነው። ከባንኩ ጋር የአገልግሎት ክፍያ ጥያቄ ቢነሳ ክፍያው በየት በኩል እንዳለፈ ያሳያልና ደረሰኙን አለመጣል ይመከራል።