የከተማ ልደት ከየት ይጀመራል?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። የአንድ ከተማ የምሥረታ በዓል እንዲያዘጋጅ የታዘዘ ወጣት ሹምም ሰልፉ የት እንደሚቆም፥ ግብዣው በስንት ሰዓት እንደሚሆን ከማሰቡ በፊት፥ ታሪኩ ከየት ይጀምራል? ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ የምትገኘው የፕሊመዝ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1620 ዓ.ም. ሜይፍላወር በተባለች መርከብ 102 መንገደኞች ከእንግሊዝ አገር መጡ። እኩሌታ የሚያህሉት በመጀመሪያው ክረምት አለቁ፤ የተረፉት ከተማይቱን አቀኑ። ለብዙ ዘመን ሲከበር የኖረው ይኸው ታሪክ ነው።

ነገር ግን ሠፋሪዎቹ የደረሱበት ቦታ ባለቤት ነበረው። ዋምፓኖአግ የተባለው ሕዝብ ፓቱክሴት ብሎ የሚጠራው መንደር ነበር። በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ከዚያ 20 ያህል ሰዎች አፍኖ ለባርነት ሊሸጣቸው ወደ እስፓኝ ወሰዳቸው። ቀጥሎም ከ1616 እስከ 1619 የቆየው ወረርሽኝ መንደሩን ፈጀው። ሠፋሪዎቹ ያገኙት የተመነጠረ መሬት እንግዲህ የእነዚያ ሟቾች እርሻ ነበር።

በ1970 የከተማይቱ 350ኛ ዓመት ሲከበር፥ የዋምፓኖአግ ተወላጅ የሆነው ፍራንክ ጄምስ ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። አዘጋጆቹ ጽሑፉን አስቀድመው ቢመለከቱት በወገኖቹ ላይ የደረሰውን ግፍ የሚያነሣ ሆኖ አገኙት፤ ሌላ እንዲያነብ ቢጠይቁትም እንቢ አለ። በዚያው ዓመት በኅዳር፥ አሜሪካኖች የምስጋና በዓል በሚያከብሩበት ዕለት፥ እርሱና ወገኖቹ ከከተማይቱ ኮረብታ ላይ ተሰብስበው ዕለቱን «ብሔራዊ የሐዘን ቀን» አሉት። ቀኑ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል። አንድ ንግግር ቢከለከል፥ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚሰማ ድምፅ ተወለደ።

ለ400ኛው ዓመት የተደረገው ዝግጅት ከዚህ የተማረ ይመስላል። ዋምፓኖአጎች ራሳቸው ያሰናዱት ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽን በ2014 ተከፈተ፤ በየዓመቱም አዲስ ምዕራፍ ይጨመርበት ጀመር። የመጀመሪያው ምዕራፍ የመርከቢቱ መምጣት ሳይሆን የ1614ቱ አፈና ነበር። በ2020 ብዙው ሥነ ሥርዓት በወረርሽኝ ምክንያት ሲተላለፍ፥ ለስድስት ዓመት የተነገረው ታሪክ ግን ቀድሞ ከሰው ጆሮ ገብቶ ነበር።

ውድ አንባቢ፥ የርስዎም ዕጣ እንዲህ ያለ በዓል ማዘጋጀት ቢሆን፥ ከመሥራቾቹ አስቀድሞ በቦታው የነበረውን ሕዝብ ይፈልጉ፤ ካገኙትም በገዛ አንደበቱ ይናገር። እንግዳ ጠርቶ አፉን መያዝ በዓሉን አያደምቀውምና።