ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስማርት የቤት ዕቃዎች እና የገዢው መብት

በእጅ ስልክ የሚበራ አምፖል፣ በድምፅ የሚታዘዝ ማጫወቻ፣ ባለቤቱ በሌለበት ደጁን የሚጠብቅ ካሜራ ዛሬ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ አይደሉም። ከውጭ በዘመድ እጅ ይላካሉ፤ በከተሞች የኤሌክትሮኒክስ መደብሮችም ይሸጣሉ። ድካም እንደሚቀንሱ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ቀድመው የተጠቀሙባቸው ሀገራት ሸማቾች ሁለት ቅሬታዎችን ደጋግመው ያነሳሉ። አንደኛው የባለቤትነት፣ ሁለተኛው የቤት ገመና ጉዳይ ነው።

የችግሩ ምንጭ የዕቃዎቹ አሠራር ነው። ባለቤቱ በስልኩ መተግበሪያ መብራት እንዲበራ ሲያዝ፣ ትዕዛዙ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ አምፖሉ አይሄድም። በበይነ መረብ ተጉዞ በሌላ ሀገር ወደሚገኝ የአምራቹ ሰርቨር ይደርሳል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቤት ይመጣል። በመሆኑም በይነ መረብ ሲቋረጥ ወይም አምራቹ ሰርቨሩን ሲዘጋ፣ ዕቃው ሳይበላሽ ሥራውን ያቆማል።

በአሜሪካ የሆነው ለዚህ ማሳያ ነው። ሪቮልቭ የተባለው የቤት ዕቃዎች መቆጣጠሪያ በ300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። እ.አ.አ በ2014 ኔስት የተባለው ኩባንያ አምራቹን ገዛው፤ በ2016 ደግሞ አገልግሎቱን ዘጋው። መሣሪያው በገዢዎች ቤት ከንቱ ሆኖ ቀረ። ቅሬታው ሲበረታ ኩባንያው ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። በ2022 ደግሞ የኢንስቲዮን ሰርቨሮች ያለማስጠንቀቂያ ተዘጉ። የኋላ ኋላ ድርጅቱን የገዙት ራሳቸው ደንበኞቹ ነበሩ፤ አገልግሎቱም በዓመታዊ ክፍያ ቀጠለ።

ሌላው ምሬት በአንድ አምራች መታሰር ነው። የአንዱ ካሜራ ከሌላው መቆጣጠሪያ ጋር ካልተግባባ፣ ገዢው ሌላ አምራች ቢመርጥ ያለውን ሁሉ ጥሎ እንደ አዲስ መግዛት ግድ ይለዋል።

የገመናው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። እ.አ.አ በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በአማዞን ሥር በሚገኘው የካሜራ አምራች ሪንግ ላይ ክስ አቅርቧል። በክሱ መሠረት የድርጅቱ ሠራተኞች በደንበኞች ቤት የተቀረጹ ምስሎችን ያለገደብ ማየት ይችሉ ነበር። ሪንግ ክሱን ባይቀበልም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ቤትን ከሌባ እንዲጠብቅ የተገዛ ካሜራ የቤተሰቡን ገመና ለማያውቁት ሰው አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ጉዳዩ ያመለክታል።

መፍትሔዎችም ብቅ ማለት ጀምረዋል። እ.አ.አ በ2022 ይፋ የሆነው ማተር የተሰኘ የጋራ መስፈርት የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች በቤት ውስጥ እንዲግባቡ ያስችላል። በብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ አምራቾች የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጡ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በሀገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ኃላፊነትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የገዢው ነው። ከመግዛት በፊት ዕቃው ያለ በይነ መረብ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል። ወርሃዊ ክፍያ መኖሩን፣ የተቀረጸው ምስል የት እንደሚቀመጥና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር መሥራቱን ማጣራትም ተገቢ ነው።

ከተገዛ በኋላ ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃል ወዲያውኑ መቀየር፣ ካሜራን ከመኝታ ክፍል ማራቅ ይመከራል። ያገለገለ ዕቃ ከዘመድ የሚቀበል ሰው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ዕቃውን ከራሱ አካውንት እንዲያስወጣ ማሳሰብ አለበት። ይህ ካልሆነ አዲሱ ባለቤት ዕቃውን መመዝገብ ሊያቅተው፣ ከዚያም አልፎ የቀድሞው ባለቤት ባሕር ማዶ ሆኖ የቤቱን ውስጥ ሊያይ ይችላል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አበው። ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃም ቢሆን ማዘዣው በሌላ እጅ ከሆነ ከውሰት ብዙም አይለይም።