ለፖርትፎሊዮ የሚበቃ ጥያቄ፦ ዘንድሮ የሼክ ሁሴን ጉዞ መቼ ነው?

ሮቤ ካለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ወጣት የሶፍትዌር ሥራ ሲያመለክት ሲቪ ብቻውን አይበቃውም፤ «የሠራኸውን አሳየን» ይባላል። ቀጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ውጭ አገር። ባሌ ድረስ መጥቶ ላፕቶፑን የሚያይለት የለም። ፖርትፎሊዮ ዌብሳይት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ችግሩ፣ ብዙዎቹ ፖርትፎሊዮዎች ቁርጥ አንድ ናቸው። ጥቁር ባክግራውንድ፣ ስም ፊደል በፊደል የሚጽፍ አኒሜሽን፣ «ጃቫስክሪፕት 90 በመቶ» የሚል ባር። (ከምን ላይ 90 በመቶ?) ከሥሩ ካልኩሌተርና የአየር ሁኔታ አፕ፣ ሁለቱም ከዩቲዩብ ትምህርት የተገለበጡ። ብሪታኒ ቺያንግ የተባለች ፍሮንትኢንድ ዴቨሎፐር የፖርትፎሊዮዋን ኮድ ጊትሃብ ላይ ክፍት አድርጋ ስላስቀመጠች ዲዛይኗ በየአገሩ ተባዝቷል። እሷ የጠየቀችው ምንጩ እንዲጠቀስላት ነው፤ እሱንም የሚዘሉት አሉ።

ባሌ ላለ ሰው ግን ከዩቲዩብ የማይገኝ ጥያቄ ደጁ ላይ አለ፦ የሼክ ሁሴን ጉዞ መቼ ነው? ሙስሊም ምእመናን ጫፉ መንታ የሆነ በትራቸውን ይዘው ወደ ባሌው ቅዱስ ስፍራ፣ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን፣ ከሚተሙባቸው ወቅቶች አንዱ አረፋ ነው። አረፋ የሚቆጠረው በሂጅራ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። የአገሬው ሰው ቀኑን የሚፈልገው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ ጎብኚው ደግሞ በፈረንጆቹ ነው። ሦስቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ገጽ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከአሥር ካልኩሌተር ይበልጣል።

ሥራው እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያም በሂጅራም አቆጣጠር መጻፍ ያውቃል፤ ተጨማሪ ላይብረሪ አያስፈልግም። ይኸው ቀን መጻፊያው ግን ከሂጅራ ወደ ፈረንጆቹ በቀጥታ አይመልስም። ስለዚህ ከዛሬ ተነስቶ አንድ አንድ ቀን እየጨመሩ፣ አረፋ የሚውልበት ዙልሂጃ 10 እስኪደርስ መፈተሽ ነው። በዓሉ የሚጸናው ጨረቃ ስትታይ በመሆኑ «በአንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል» የሚል መስመር ገጹ ላይ መኖር አለበት። ኮድ የሚያነብ ቀጣሪ ልቡ የሚረታው በዚህች መስመር ነው፤ ልጁ ስለሚሠራው ነገር እንዳሰበበት ታሳያለችና።

ማስቀመጫው ነፃ ነው። ጊትሃብ ፔጅስ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሁነኛ መፍትሔ ነው። ፒኤችፒ ግን አያስኬድም። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል የሠራ ተማሪ ኮዱን እዚያው ጊትሃብ ላይ ያስቀምጥ፣ ሲሠራ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮም ያያይዝ።

ፎቶ ላይ ቁጥብ መሆን ይሻላል። የሳነቴን አምባ ከነቀይ ቀበሮው በ6 ሜጋባይት መግቢያው ላይ መስቀል ያጓጓል፤ ጎብኚው ግን ሥዕሉ ተጭኖ ሳያልቅ ይወጣል። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዶ በዌብፒ ማስቀመጥ ይበቃል። የአማርኛ ጽሑፍ በየስልኩ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲታይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከገጹ ጋር ማያያዝ ነው።

በስልክ ቁጥር ፋንታ ኢሜይል አስቀምጡ። ሊንኩን ሲቪያችሁ ላይ ከመጻፋችሁ በፊትም በጓደኛ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት።