ለመስቀልም ለዐረፋም የምትበቃው መኪና የትኛዋ ናት?

በመስቀልና በዐረፋ ሰሞን ከአዲስ አበባ በዓለም ገና፣ በጢያና በቡኢ አድርጎ ቡታጅራ የሚያደርሰው መንገድ በመኪና ይጨናነቃል። አገሩ የሚገባ ጉራጌ ባዶ እጁን አይሄድም። ልጆቹን፣ ለወላጅ የገዛውን ልብስ፣ ለዘመድ አዝማድ የያዘውን ሁሉ ጭኖ ነው የሚጓዘው። ቡታጅራን አልፎ እንሴኖ የዘለቀ ቤተሰብ ሲመለስም ጓዙ አይቀንስም። ቅቤው፣ ቆጮው፣ በተለይ ደግሞ ስመ ጥሩው የማረቆ በርበሬ መኪናው ውስጥ ቦታ ይፈልጋል። “ትንሿ ትሻላለች ወይስ ከፍ ያለችው?” የሚለው የቤተሰብ ክርክር የሚፈተነው ይሄኔ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ለዓመታት የመካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የመጀመሪያ መኪና ቪትዝ ነበረች። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያቀረባት ይህች ትንሽ ሀችባክ ነዳጅ የምትቆጥብ፣ መለዋወጫዋ የትም የሚገኝ፣ በተሸጠች ጊዜ ዋጋዋ የማይወድቅ በመሆኗ ተወደደች። ኑሮው ደልደል ያለው ደግሞ ዓይኑን ራቭ ፎርና ቪታራ ላይ ጣለ። ከቪትዝ ወደ ራቭ ፎር መሻገር የኑሮ ዕድገት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ፤ ከፍ ያለ መኪና ሁሉ ሰፊ ነው የሚለው እምነትም አብሮ ሥር ሰደደ።

ይህ እምነት በሜትር ሲለካ ብዙ ጊዜ አይጸናም። የውስጥ ስፋት ዋና ምልክት በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የተሳፋሪው እግር የሚዘረጋው እዚያ መሀል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣችው ባለ ሦስት በር ራቭ ፎር ይህ ርቀቷ 2.20 ሜትር ነው። ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ግን 2.46 ሜትር አላት። ከውጭ ሲያዩአት ግርማ ያላት መኪና ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ጉልበት ከቪትዝ የጠበበች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

ቀረጡ የለካው ሌላ ነው

የመንግሥት ፖሊሲም ምርጫውን ወዲያና ወዲህ ሲገፋው ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መኪናን የለካው በሞተር መጠን (ሲሲ) እና በዕድሜ ነው። አዲስና እስከ 1,300 ሲሲ የሆነች መኪና 5 በመቶ ስትከፍል፣ ያገለገሉና ሞተራቸው ከፍ ያለ መኪኖች ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በዚህ ስሌት ሰባት ነፍስ ይዞ አገር ቤት የሚሄደው አባወራ ከብቸኛው ነጋዴ አልተለየም። ሰፋ ያለ መኪና ያስፈለገው በቤተሰቡ ብዛት ቢሆንም የከፈለው እንደ ቅንጦት ነው።

በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ግን የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኑ፤ ተገጣጥመው ሲገቡ 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ እንዲከፍሉ ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የሞተር ሲሲ የሚባለው መለኪያ ለአዲስ ገዢ ትርጉም አጣ። በዚህ ጊዜ ነው የውስጥ ስፋት በራሱ መመዘን የጀመረው፤ ሻጩ ግን ዛሬም የሚያወራው ስለ ስክሪኑ ትልቅነትና በአንድ ቻርጅ ስለሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው።

ሁለት መኪኖች፣ አንድ መሠረት

የቢዋይዲን ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ዶልፊን ሀችባክ ናት፣ ዩዋን ፕላስ ደግሞ ከፍ ያለች ኤስዩቪ። ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ዓይነት መሠረት ላይ ነው። የዶልፊን የጎማ ለጎማ ርቀት 2.70 ሜትር፣ የዩዋን ፕላስ 2.72 ሜትር ነው። ልዩነቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ! በቁመትም ዶልፊን 1.57፣ ዩዋን ፕላስ 1.615 ሜትር ናቸው። ለእግርና ለራስ የሚተርፈው ቦታ ይቀራረባል ማለት ነው።

እውነተኛው ልዩነት ጎን ለጎን ያለው ነው። ዶልፊን 1.77፣ ዩዋን ፕላስ 1.875 ሜትር ስፋት አላቸው። አሥር ተኩል ሴንቲ ሜትሯ ከኋላ ሦስት ጎልማሶች ትከሻ ለትከሻ ሲቀመጡ ትታወቃለች፤ መሀል የተቀመጠው ቡታጅራ እስኪደርስ ተጨናንቆ ይሄዳል ወይስ ተደላድሎ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። የኋላ ዕቃ መጫኛውም ወንበር ሳይታጠፍ በዶልፊን 345፣ በዩዋን ፕላስ 440 ሊትር ነው። የኋላ ወንበሮች ሲታጠፉ ግን ዶልፊን 1,310፣ ዩዋን ፕላስ 1,338 ሊትር ይይዛሉ። ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ዕቃ ለሚያመላልስ ነጋዴ የኤስዩቪው ብልጫ ከሞላ ጎደል የለም።

ሊትሩን ሲያነቡም መጠንቀቅ ያሻል። አንዳንዱ ዝርዝር የሚለካው እስከ መስኮቱ ጠርዝ፣ ሌላው እስከ ጣሪያው ድረስ ነው። በሁለት ዓይነት መንገድ የተለኩ ቁጥሮችን ማወዳደር ገዢን ያሳስታል። የወንበር ቁጥርም እንደዚያው ነው። ዋጋዋ ቀለል ያለው የቢዋይዲ ሲጋል የጎማ ርቀቷ 2.50 ሜትር ሆኖ ከቪትዝ ትበልጣለች፤ ለቻይና ገበያ የተሠራችው ግን የአራት ሰው መኪና ናት። ባለ ሦስት ረድፉ ፎልክስዋገን አይዲ 6 በበኩሉ ቤተሰብ በሙሉ ቢይዝም፣ ሦስተኛው ረድፍ ከተዘረጋ ጓዙ የሚገባበት ቦታ ይመናመናል።

በርበሬና ጤፍ

ስፋት ብቻውንም በቂ አይደለም። የደረቀ በርበሬ ቀላል ሆኖ ቦታ ይበላል። ከረጢቱ በኋላ በር አልገባ ብሎ ሲገፋ፣ ሲተኛ፣ መልሶ ሲቆም ክብደቱ ማንንም አያስጨንቅም፤ የሚያስፈልገው ሰፊ በርና ጥልቅ መጫኛ ነው። ጤፍ ግን ቦታ ሳይፈጅ ይከብዳል። አብዛኞቹ የቤት መኪኖች፣ ሀችባክም ይሁኑ ኤስዩቪ፣ ሰውና ዕቃ ተደምሮ የሚችሉት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ገደማ ነው። አምስት ጎልማሶች በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝኑ 350 ኪሎ ሞላ። የ400 ኪሎ አቅም ባላት መኪና ለዕቃ የተረፈው 50 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጨመር መኪናዋ ከአቅሟ በላይ ተጭናለች። ቦታ አለ ማለት አቅም አለ ማለት አይደለም። ጎማው ይግላል፣ ፍሬኑ ይዘገያል፣ ጥምዝ ላይ መኪናዋ ትንሸራተታለች። ውስጧ የተጫነው ልጅ ነውና ይህን ችላ ማለት አይገባም።

ኤስዩቪ በርግጥም የሚበልጥበት ቦታ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ በኮረኮንች ወደ ቀዬው ለሚገባ ሰው፣ በክረምት ውኃ የቦረቦረው መንገድ ላይ ይህ ከፍታ ዋጋ አለው። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሚተኛ የሆዷ መጋጨት ከቀድሞው የከፋ ጉዳት ያመጣል። ሆኖም ሁሉም ኤስዩቪ በአራቱም ጎማ አይነዳም፤ ዩዋን ፕላስን ጨምሮ ብዙዎቹ የሚጎተቱት በፊት ጎማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገዢው ሜትሩን ይዞ ይሂድ። መጀመሪያ የሾፌሩን ወንበር ለራሱ አስተካክሎ ከኋላው ይቀመጥ፤ በጉልበቱና በወንበሩ መካከል አራት ጣት ካልገባ ለረጅም መንገድ አትሆንም። ሦስት ሰው ከኋላ አስቀምጦ በሩን ይዝጋ። የኋላ በሩን ስፋትና የመጫኛውን ጥልቀት ይለካ፣ የክብደት አቅሟንም በር ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ያንብብ። አስመጪዎችም እነዚህን ቁጥሮች በአማርኛ ጽፈው ከዋጋው ጎን ሊለጥፉ ይገባል፤ ዕድሜ ልክ ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚገዛውን የማወቅ መብት አለው። አራት ሆኖ በአስፋልት የሚጓዝ ቤተሰብ በሀችባክ ቢሄድ ምንም አይጎድልበትም፤ የልዩነቱን ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ያውለው። አምስት ሆኖ ኮረኮንች የሚገባው ግን ለኤስዩቪ የሚጨምረው ብር የሚያስቆጭ አይደለም፤ የተከፈለው ለስምና ለዝና ሳይሆን ለትከሻ ስፋትና ለመሬት ከፍታ ነውና።