ሳፋ ውስጥ የሰጠመችው መርከብ

መርከብ ሰውና ዕቃ ጭኖ በባሕር ላይ ይሄዳል። ሞተር ከመፈልሰፉ በፊት መርከብን የሚነዳው ነፋስ ነበር። በመርከቡ ላይ ረጅም ምሰሶ ይቆማል። በምሰሶው ላይ ሰፊ ጨርቅ ይሰቀላል። ይህ ጨርቅ ሸራ ይባላል። ነፋስ ሸራውን ሲገፋው መርከቡ ይሄዳል።

ይህን በገጠር በማታ ትምህርት ላይ ሳስረዳ አንድ አዛውንት ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እንጨቱስ ይንሳፈፍ እንበል። ምስማሩና ጭነቱ ለምን አያሰጥመውም? ነፋሱስ ለምን አይገለብጠውም?» አሉኝ። መልሱን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ስናገረው ግን ለእኔም አልጣመኝ፣ ለእሳቸውም አልገባቸው። «ሠርቼ አሳያችኋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። በሰው ፊት ቃል የገባ ደግሞ መፈጸም አለበት።

ለዕረፍት አዲስ አበባ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። ቤታችን መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። መርካቶ በጣም ሰፊ ገበያ ነው። ሻጩ እንደየዕቃው ዓይነት በተራ በተራ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ከነዚህ አንዱ ምናለሽ ተራ ይባላል። ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ብረትና ጣውላ ይሰበሰባል። ሌላው የጣለው ነገር እዚያ እንደገና ተቀጥቅጦ ዕቃ ይሆናል። እኔም ለሥራዬ የሚያስፈልገኝን አብዛኛውን ነገር በጥቂት ገንዘብ ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ልሠራ ያሰብኩት የሳምቡክን አምሳያ ነው። ሳምቡክ የቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጆችና ነጋዴዎች ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት የኖሩት ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ነው። የእኔዋ ግን አንድ ክንድ ብቻ የምትረዝም ትንሽ ናት። በአንድ ሳምንት ትጨርሰኛለች ብዬ ነበር። አንድ ወር ተኩል ፈጀችብኝ። አራት ጊዜም ተበላሸችብኝ። እያንዳንዱ ብልሽት ያስተማረኝን ልንገራችሁ።

1. እርጥብ እንጨት

መጀመሪያ አዲስ የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ። ለመጥረብ ለስላሳ ነበር። ደስ ብሎኝ ቶሎ ቶሎ ጠረብኩት። ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ከሰል ምድጃ አጠገብ አቆምኩት። በአምስተኛው ቀን ጣውላው ተጣሞ፣ ከጫፍ እስከ መሀል ተሰንጥቆ አገኘሁት።

በሰፈራችን አንድ አናጢ አሉ። ሁሉም ሰው «ሐጂ» እያለ ይጠራቸዋል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ሲሠሩ ሳምቡክ ሲጠገን አይተዋል። ምጽዋ ዛሬ በኤርትራ አገር ውስጥ ያለች ወደብ ናት። ጣውላውን ይዤ ሄድኩ። ሐጂ አገላብጠው አዩና «ለዚህ እንጨት ማን ቸኩሎበት ነው?» አሉኝ። እኔ ነኝ ለማለት አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ እንጨት በውስጡ ብዙ ውሃ አለ። ውሃው ሲወጣ እንጨቱ ይኮማተራል። እሳት ወይም ፀሐይ ሲመታው የውጪው ክፍል ቀድሞ ይደርቃል። የውስጡ ገና እርጥብ ነው። ውጪው ሲኮማተር ውስጡ አልከተልም ይላል። ስለዚህ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ገበሬ ይህን ያውቃል። ለሞፈር የቆረጠውን እንጨት ጥላ ሥር አቆይቶ ቀስ ብሎ ያደርቀዋል። እኔ የተማርኩ ነኝ ባዩ ግን ይህን አላወቅሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ከዚህ በኋላ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከተሰበረ ቁም ሣጥን የወጣ አሮጌ የዋንዛ ጣውላ ገዛሁ። ለብዙ ዓመት የደረቀ ስለሆነ አልተጣመመም።

2. ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ

የመርከብ አካል እንደ ከብት አካል ነው። ከፊት እስከ ኋላ ከሥር የተዘረጋ አንድ ወፍራም እንጨት አለ። ይህ እንደ ጀርባ አጥንት ነው። ከእሱ ግራና ቀኝ እንደ ጎድን አጥንት የታጠፉ እንጨቶች ይወጣሉ። በነዚህ ላይ ስስ ሳንቃ እንደ ቆዳ ይለብሳል። በጥንት ጊዜ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ሳንቃውን በምስማር ሳይሆን በገመድ እየሰፉ ያያይዙት ነበር። ይህን በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፕሮኮፒዎስ የተባለ ጸሐፊ ጽፎታል። በዚያ ዘመን የአክሱም መንግሥት በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሩቅ አገሮች ጋር ይነግድ ነበር።

እኔ ግን በምስማር መታሁት። ጨርሼ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኳት። ከየሳንቃው መጋጠሚያ ውሃ ይገባ ጀመር። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሰጠመች። ታናሽ ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ተናድጄ ሳንቃውን ልነቅለው ነበር። ሐጂ ግን «ተው፣ እዚያው ውሃው ውስጥ ትደር» አሉኝ።

በማግሥቱ ሳየው ጠባብ ጠባቡ ስንጥቅ ሁሉ ተዘግቷል። ለምን? ደረቅ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሲያብጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የላላ የመጥረቢያ እጀታ ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልተዘጋውን ሰፊ ስንጥቅ ደግሞ በሌላ መንገድ ደፈንኩት። ጥጥ በዘይት ነክሬ በቢላ ጫፍ እየገፋሁ ከተትኩበት። በላዩም ሰም አቅልጬ ቀባሁት። የሳምቡክ ሠሪዎችም መጋጠሚያውን በዘይት በተነከረ ጥጥ ይደፍኑታል። ውሃ የሚነካውን የጀልባውን ሥር ደግሞ በኖራና በሞራ ይለቀልቁታል።

3. ከላይ የከበደ ጭነት

አሁን የአዛውንቱ ጥያቄ መልስ ላይ ደረስን። የብረት ድስት ውሃ ላይ ብታስቀምጡት ይንሳፈፋል። ያው ብረት ተጨፍልቆ ድፍን ቢሆን ግን ይሰጥማል። ድስቱ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ብዙ ውሃ ገፍቶ ቦታ ይይዛል። የተገፋው ውሃ ደግሞ ድስቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። መርከብም እንደ ድስቱ ነው። ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ምስማሩንና ጭነቱን ይሸከማል።

ይሁን እንጂ መንሳፈፍ ብቻውን አይበቃም። እኔ መርከቤን አሳምራለሁ ብዬ ከላይዋ ከፍ ያለ ቤት ሠራሁላት። ወፍራም ምሰሶም አቆምኩ። ቀይ ቀለም ቀባኋት። ሳፋው ውስጥ ሳስቀምጣት ወዲያው በጎኗ ተኛች፤ ከዚያም ግልብጥ አለች። አህያ ስትጭኑ ጭነቱ ሁሉ ወደ ላይ ከተቆለለ ምን ይሆናል? አህያዋ ትንሽ ዘንበል ስትል ጭነቱ ይዟት ይወድቃል። የእኔም መርከብ እንዲሁ ሆነች። ቤቱን አፈረስኩት። ምሰሶውን አቀጠንኩት። ከሆዷ ሥር ጠጠር ደለደልኩ። ከዚያ በኋላ በጣቴ ሳጋድላት ተመልሳ ቀጥ ትላለች። ጭነት የሌላቸው ትልልቅ የሸራ መርከቦችም ለዚሁ ብለው ከሥራቸው ድንጋይ ይጭኑ ነበር።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም። የስዊድን ንጉሥ ቫሳ የተባለ ትልቅ የጦር መርከብ አሠርቶ ነበር። መርከቡ 64 መድፍ ተጭኖበት ነበር። ከላይ በጣም ከባድ ሆነ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ግን አልበቃውም። ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች በመርከቡ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጡ እንዲፈትኑት ተደረገ። መርከቡ ክፉኛ ስለተወዛወዘ ፈተናው ተቋረጠ። ንጉሡ ቸኩሎ ነበርና መርከቡ ይቆይ ብሎ ያስቆመ ሰው አልተገኘም። በእኛ አቆጣጠር በ1620 ዓ.ም. መርከቡ ጉዞ ጀመረ። 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ሄዶ ነፋስ አጋደለውና ሰጠመ። ብዙ ሰው አለቀ። ከ333 ዓመት በኋላ በ1953 ዓ.ም. ከባሕር ወጣ። ዛሬ በስቶክሆልም ከተማ በሙዚየም ውስጥ ይታያል።

እንግዲህ አስቡት። የእኔ መርከብ ሳፋ ውስጥ ስትገለበጥ የጠፋው የአንድ ቀን ድካም ነው። የዚያኛው ግን የሰው ሕይወት ነው። በትንሹ መሞከር ጥቅሙ ይህ ነው።

4. የተቆረጠው ገመድ

የመጨረሻው ብልሽት ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። ሐጂ ምሰሶውን በሦስት ገመድ እንድወጥረው ነግረውኝ ነበር። ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ኋላ። የኋላው ገመድ ለዓይኔ አላማረኝም። ሸራውን ሳዞርም ያሰናክለኛል። «ሁለቱ ይበቃሉ» ብዬ በምላጭ ቆረጥኩት። ከዚያ በእሳት ማራገቢያ ከኋላ አራገብኩባት። ሸራው ተነፋ። መርከቧ ወደ ፊት ሄደች። ደስ አለኝ። ጠንከር አድርጌ ሳራግብ ግን ምሰሶው ወደ ፊት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ሸራው ምሰሶውን ይገፋዋል። የኋላው ገመድ ያንን ግፊት ተካፍሎ ይይዝ ነበር። ገመዱ ሥራ የፈታ የሚመስለው ነፋስ በሌለበት ጊዜ ነው።

ይህም በታላላቅ ሰዎች ላይ ደርሷል። ቶር ሃየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ማሳየት ፈለገ። ደንገሉ የመጣው ከእኛው ጣና ሐይቅ ነው። የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ያው ደንገል ማለት ነው። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ግብፅ አገር ሠሩት። ጀልባው «ራ» ተባለ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. 7 ሰዎችን ይዞ ከሞሮኮ ተነሣ።

በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከጀልባው ጭራ ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ጥቅሙ ስላልታወቀ በ«ራ» ላይ ይህ ገመድ ቀረ። ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ ጭራው እየወረደ ውሃ ውስጥ ገባ። ማዕበሉ በዚያ በኩል ይወጣባቸው ጀመር። ገመዱ ለካ ጭራውን ወደ ላይ የሚይዝ ኖሯል። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጀልባውን ትተው በሌላ መርከብ ዳኑ።

ሃየርዳል ግን ተስፋ አልቆረጠም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የደንገል ጀልባ አሠራ። ይህን የሠሩት በደቡብ አሜሪካ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ናቸው። በ1962 ዓ.ም. «ራ ሁለት» በ57 ቀን ውቅያኖሱን አቋርጦ ባርቤዶስ ደሴት ደረሰ።

ወደ ተማሪዎቼ ስመለስ

ዕረፍቴ ሲያልቅ መርከቧን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣት ሄድኩ። ሦስቱም ገመዶች በቦታቸው ናቸው። ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ዳር ተሰበሰብን። ነፋስ ነበር። መርከቧ ትንሽ አጋደለች፤ ቀና አለች፤ ከዚያ ኩሬውን ተሻግራ ማዶ ደረሰች። ልጆች እልል አሉ። የሆነብኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ጠያቂዬ አዛውንት ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔም ገመድ ቆርጬ አውቃለሁ፣ ልጄ። ከማሳዬ ራስጌ አባቴ የቆፈረው ቦይ ነበር። መሬት ይበላብኛል ብዬ ደፈንኩት። ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ዓመት በነሐሴ ጎርፍ መጣና የዘራሁትን ጤፍ ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። ያን ዓመት ተበድረን በላን።»

ሌላው ጎልማሳ ደግሞ «ታዲያ ዘንድሮ የሰማነውን አዲስ ዘር ማሳውን ሙሉ ከመዝራት በአንዲት ጥማድ ቁራሽ ላይ ብንሞክረውስ?» አሉ። ብዙ ተነጋገሩበት። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

አዛውንቱ ቦዩን መልሰው ቆፍረውታል። ትንሿ መርከብ ደግሞ በመማሪያ ቤታችን መስኮት ላይ ተቀምጣለች።

ጥያቄዎች

1. እርጥብ እንጨት እሳት አጠገብ ሲደርቅ ለምን ይሰነጠቃል?
2. የብረት ድስት ሲንሳፈፍ ድፍን ብረት ለምን ይሰጥማል?
3. የቫሳ መርከብ አደጋ እንዳይደርስ ከጉዞው በፊት ምን ማድረግ ይቻል ነበር?
4. በቤታችሁ ወይም በማሳችሁ ጥቅሙ ሳይታወቅ የተጣለ ወይም የተቆረጠ ነገር አለ? ምን አስከተለ? ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።