ቀልብ አልሰበሰብ ሲል
በአዋቂዎች ላይ ስለሚታየው የትኩረት ማነስ ችግር

የጤና ዓምዳችን በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ክትባት ነው። በዚህ እትም ግን ቴርሞሜትር የማይለካውን፣ በደም ምርመራም የማይገኘውን አንድ ችግር አንሥተናል። በሕክምናው ዓለም የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር ይባላል፤ በእንግሊዝኛው አህጽሮት ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ነው። ለረጅም ጊዜ የሕፃናት ችግር ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቢኖርም፣ እኛ ዛሬ የምንጽፈው በአዋቂዎች ላይ ስለሚታየው ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። በስልክ በሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች የተነሣ “እኔም እኮ ይህ ነገር አለብኝ” የሚሉ ወጣቶች እየበዙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ችግሩ በእርግጥ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን “ሰነፍ”፣ “ዝንጉ”፣ “ቀልበ ቢስ” ሲባሉ ኖረው፣ እነርሱም ስሙን አምነው ተቀብለውት ተቀምጠዋል። አንዱ የሌለበትን በሽታ ይቀበላል፤ ሌላው ያለበትን ሳያውቅ ያረጃል። በካምፕ ኑሮ ላይ ደግሞ ይህ ዋጋ ያስከፍላል። የራሽን ቀን ያለፈበት፣ የቀጠሮ ወረቀቱን የጣለ፣ ኢንተርቪው ላይ ዓመተ ምሕረት የሚያምታታ ሰው የሚጎዳው በስሙ ብቻ አይደለም።

ችግሩ በልጅነት ሲታይ ለማንም ግልጽ ነው። ልጁ ቀዥቃዣ ነው፤ አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ተራ አይጠብቅም፣ የላኩትን ዕቃ መንገድ ላይ ጥሎ ይመለሳል። ሰውየው ሲያድግ ግን ሩጫው ወደ ውስጥ ይገባል። እግሩ ባይሮጥ ሐሳቡ ይሮጣል። የጀመረውን አይጨርስም፤ ሰው ሲያናግረው መሐል ላይ ይጠፋል፤ ስብሰባ ላይ ሩብ ሰዓት መቀመጥ እንደ እሥራት ይሆንበታል። የሌላውን ንግግር ያቋርጣል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ እጁ የገባውን ገንዘብ በዚያው ቀን ይጨርሳል። ቁልፍ፣ ካርድ፣ ስልክ ሲፈልግ ግማሽ ቀኑ ያልቃል።

ዘመድ ወዳጅን የሚያሳስተው ታዲያ ይኸው ሰው የወደደውን ሥራ ሲይዝ፣ ለምሳሌ የተበላሸ ሬዲዮ ሲጠግን ወይም ኳስ ሲያይ፣ ሰዓታት ሳይነቃነቅ መቆየት መቻሉ ነው። “ሲፈልግ ይችላል፤ ስንፍና ነው” ይባላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ትኩረት ሞልቶለታል፤ ያዘዘው ቦታ ግን አይሄድለትም። አስፈላጊው ሥራ አሰልቺ ከሆነ፣ ማወቁም መፈለጉም አይረዱትም።

በሴቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። ብዙዎቹ ሴት ልጆች አይቀዠቀዡም፤ ዝም ብለው በሐሳብ ይሄዳሉ። ወጥ የሚያሳርሩት፣ ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር ጥለው የሚመለሱት “ሐሳብ ይዟት ነው” ተብለው ይታለፋሉ። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ድካሙና ራስን መውቀሱ ወደ ድብርት ከለወጣቸው በኋላ ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ጆርጅ ስቲል የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን በንግግሩ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ችግሩ በአንዳንድ ሰዎች ላይ እስከ ጉልምስና እንደሚዘልቅ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የሰፈረው ደግሞ በ1980 ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደማመሩ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ፣ ከ100 አዋቂዎች ደግሞ ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት እንዳለባቸው ያሳያሉ። በዘር የመተላለፉ ኃይልም ከፍተኛ ነው፤ ወላጅ ካለበት ልጁም ሊኖርበት የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። የአስተዳደግ ጉድለት ወይም እርግማን ያመጣው አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሁለት ሰዎች ክሊኒክ ቀርበው “ቀልቤን መሰብሰብ አቃተኝ” አሉ እንበል። የመጀመሪያው በልጅነቱ ከብት ጠብቅ ተብሎ ሲላክ ከብቶቹ የሰው ማሳ ገብተው እርሱ ሌላ ነገር ሲያይ የሚገኝ፣ የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥር ዓይኑ ከወፍ ጋር የሚበር ነበር። ካደገም በኋላ ሦስት ቦታ ተቀጥሮ ከሦስቱም የወጣው በማርፈድና በመርሳት ነው። ሁለተኛው በትምህርቱ ጎበዝ፣ መዝገብ ቤት ሠርቶ አንድ ወረቀት ያልጠፋበት ሰው ነው። ቀልቡ የጠፋው ከአገሩ ወጥቶ በመንገድ ላይ ያየውን ካየ በኋላ ነው፤ ሌሊት በቅዠት ይባንናል፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። የሁለቱ ሰዎች አቤቱታ በቃል አንድ ነው፤ ሕመማቸው ግን የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው የሚረዳው መድኃኒት ሁለተኛውን ጭንቀቱን ሊያብስበትና ጨርሶ እንቅልፍ ሊያሳጣው ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው “ከመቼ ጀምሮ?” ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ መመሪያ አምስተኛ እትም መሠረት ምልክቶቹ 12 ዓመት ሳይሞላ የጀመሩ መሆን አለባቸው። ከትኩረት ማነስ ወይም ከቅብጥብጥነት ወገን ከተዘረዘሩት 9 ምልክቶች በአዋቂ ላይ ቢያንስ 5ቱ መታየት፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም በሥራም ወይም በሌላ ቦታ መታየት፣ ኑሮንም መጉዳት አለባቸው። በሌላ ሕመም የሚገለጹም መሆን የለባቸውም። ባሏ ፊት ብቻ የምትረሳ ሚስት በዚህ ሚዛን በሽተኛ አይደለችም።

“በሌላ ሕመም የማይገለጽ” የሚለው ለእኛ ለስደተኞች ትልቅ ቃል ነው። ያላለቀ ኀዘን ቀልብ ይወስዳል። ድብርት ይወስዳል። በሙቀት፣ በረሃብ ወይም በስጋት የተቆራረጠ እንቅልፍ ማንንም ሰው ዝንጉ ያደርገዋል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የጆሮ መድከም፣ ድሮ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት፣ ሰው ሳያስተውለው ለአፍታ ብቻ የሚያደነዝዝ የሚጥል በሽታ፣ ሁሉም ይህንኑ ይመስላሉ፤ ለብዙዎቹም ሕክምና አላቸው። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱ ሊደራረቡም እንደሚችሉ አይዘንጋ፤ ከልጅነቱ ቀዥቃዣ የነበረ ሰውም ጦርነት ያያል።

ምርመራው የሚካሄደው በንግግር ነው። የደም ምርመራም ሆነ የራስ ፎቶግራፍ ይህን ችግር አይለይም፤ “በማሽን አይቼ እነግርሃለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢገኝ አትስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ከባለሙያዎች ጋር ያዘጋጀው ባለ 6 ጥያቄ መለያ ቅጽ አለ፤ በስልክ የሚዘዋወረውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ወይም የእርሱ ቅጂ ነው። ቅጹ ወንፊት ነው፤ ፍርድ አይሰጥም። ያዘነና ያልተኛ ሰው ቢሞላውም “አለብህ” ሊለው ይችላል።

የልጅነትን ነገር ማስረዳት ለእኛ ከባድ ነው፤ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዱን ይዞ የተሰደደ ጥቂት ነው። ቢሆንም ሰው አለ። እናት ወይም ታላቅ ወንድም በስልክ ቢገኝ፣ ወይም ከአንድ ቀበሌ የመጣ አብሮ አደግ ካምፑ ውስጥ ቢኖር፣ ከወረቀት የበለጠ ይመሰክራል። “ልጅ ሳለሁ እንዴት ነበርኩ?” ብላችሁ ጠይቁና መልሱን እንዳለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ከተቻለ ሰውየውን ይዛችሁ ሂዱ። ስለ እንቅልፋችሁ፣ ስለ ጫትና መጠጥ፣ ስለ ደረሰባችሁ ምትም አትደብቁ። ለጤና ሠራተኛ የምትናገሩት በሕክምና ምሥጢርነት የሚያዝ ነው፤ ሥጋት ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ማን እንደሚያየው የመጠየቅ መብት አላችሁ። አስተርጓሚው የምታፍሩት ዘመድ ወይም ጎረቤት ከሆነም ሌላ ይቀየርልኝ ማለት ነውር የለውም።

የካምፕ ክሊኒክ ሠራተኛ ይህን ችግር ላያውቀው ይችላል፤ አትፍረዱበት። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ለእንዲህ ያለ ቦታ በጋራ ያወጡት የአእምሮ ጤና መመሪያ ኀዘንን፣ ድብርትን፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ጭንቀትን፣ የሚጥል በሽታንና የመሳሰሉትን ሲይዝ የአዋቂዎችን የትኩረት ማነስ ግን ለብቻው አላነሣም። በመሆኑም ክሊኒኩ የሚጀምረው ሌሎቹን በማጣራት ነው፤ ትክክለኛ ቅደም ተከተልም ነው። እነርሱ ታክመው ችግሩ ከቀጠለ የአእምሮ ሐኪም እንዲያያችሁ ሪፈራል ጠይቁ። ከካኩማ ናይሮቢ ድረስ መሄድ ግድ ከሆነ የሪፈራል ወረቀቱና የጉዞ ፈቃዱ አብረው መያዝ አለባቸው፤ ጊዜም ይወስዳል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ በብዛት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ነው። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1944 በስዊዘርላንድ ሲሆን፣ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለው ኬሚስት ሪታሊን ብሎ የሰየመው በባለቤቱ በሪታ ስም ነው። መድኃኒቱ ችግሩን ነቅሎ አይጥልም፤ በሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ትኩረትን ያግዛል፤ አጭሩ ዓይነት አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ የልብ ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ክብደትና ግፊት ሳይለኩ አይጀመርም። ራሽን በተቀነሰበት ወቅት የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ቀላል ነገር አይደለምና ይህን ለሐኪሙ አንሡት። የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ከዚህ በፊት አእምሯቸው ተነክቶ የሌለ ድምፅ የሰሙ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው መናገር አለባቸው። አቶሞክሴቲን የሚባል ሌላ መድኃኒትም አለ፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጫት ሳናነሣ አናልፍም። “እኔን ቀልቤን የሚሰበስብልኝ ምርቃና ብቻ ነው” የሚሉ አሉ፤ አልዋሹም። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ አምፌታሚንም በአንዳንድ አገሮች ለዚሁ ችግር ይታዘዛል። ይሁን እንጂ የጫት እስር መጠኑ አይታወቅም፤ ዛሬ የበረታው ነገ ይደክማል። ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶ፣ ጠዋት በሐራራ ይቀሰቅሳል፤ ያልተኛውም ሰው ከትናንት ይበልጥ ዝንጉ ይሆናል፤ ለዚያም መድኃኒቱ ሌላ እስር ነው። በዚህ መካከል የሚባክነው የቤተሰብ ገንዘብ ነው። ከሐኪም የታዘዘን ሜቲልፌኒዴት ከጫት ጋር መደረብ ደግሞ ልብን በሁለት ጅራፍ መግረፍ ነው።

መድኃኒቱ ባይገኝስ? በብዙ ካምፖች አይገኝም። በአዋቂዎች ላይ በንግግር የሚሰጥ ሕክምናም እንደሚረዳ ተረጋግጧል፤ ከሥራው ገሚሱ ኑሮን ማደራጀት ስለሆነ ያለ ሐኪም የሚጀመር አለ። ምሥጢሩ በራስ ማስታወስ ላይ አለመተማመን ነው። ካርድና የቀጠሮ ወረቀት በአንድ ላስቲክ ውስጥ ሆነው በር አጠገብ በአንድ ሚስማር ላይ ይሰቀሉ፤ ሌላ ቦታ ለአንድ ሌሊት እንኳ አይደሩ። ቀጠሮ እንደተነገረ እዚያው ቆሞ ስልክ ላይ ደወል ይሞላ፤ አንዱ ለዋዜማው፣ አንዱ ለዕለቱ። ረጅም ሥራ በሃያ ደቂቃ ይከፈል። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ ደቦ ነው። ብቻውን ሲሆን አንድ ቅጽ መሙላት የሚያቅተው ሰው፣ አጠገቡ ሌላው የራሱን ሥራ ይዞ ቢቀመጥ ይጨርሳል። ጎረቤት ሽንኩርት ስትከትፍ እናንተ ቅጹን ሙሉ።

ለቤተሰብም አንድ ቃል እንበል። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጥ። “ውኃ ቅዳ፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ለእነ እገሌ ንገር” ከተባለ ሁለቱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያደርግ ያድርግ፤ ሐኪም ያዘዘውን ግን በዚያ ምክንያት አያቋርጥ።

ስለ ኢንተርቪው የምንለው አለን። ቀን የሚያምታታ፣ ጥያቄ ሳያልቅ የሚመልስ፣ መሐል ላይ የሚጠፋ ሰው ሳይዋሽ የዋሸ ሊመስል ይችላል። ችግሩ ያለባችሁ ሰዎች ኢንተርቪው ከመጀመሩ በፊት ለጠያቂው ተናገሩ፤ የክሊኒክ ወረቀት ካላችሁ አሳዩ፤ እረፍት እንዲሰጣችሁና ጥያቄው እንዲደገምላችሁ ጠይቁ። የዓመታቱን ቅደም ተከተል በቤታችሁ ከዘመድ ጋር ሆናችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ያላስታወሳችሁትን “አላስታውስም” በሉ እንጂ ገምታችሁ አትሙሉ።

መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መሆኑን እወቁ። ለጓደኛ ማካፈልም ሆነ መሸጥ ያስጠይቃል፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ወደ ሌላ ካምፕ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር የምትዛወሩ ከሆነ ስማችሁና መጠኑ የተጻፈበትን የሐኪም ወረቀት ከመድኃኒቱ ዋና ዕቃ ጋር በእጃችሁ ያዙ። የመነሻ ቀናችሁ እንደታወቀም ለክሊኒኩ ንገሩ፤ ለመንገድ የሚበቃችሁን ለማዘጋጀት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።