በኅብረት ከተከራዩት ቤት ስለ መልቀቅ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ሰው ቤት ሲከራይ ብዙ ይጠይቃል። ውሃው በየስንት ቀን እንደሚመጣ፥ መብራቱ እንዴት እንደሚከፈል፥ የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይመረምራል። ቤቱን ሲለቅ ግን ዕቃውን ጭኖ፥ ጎረቤቱን ተሰናብቶ፥ ቁልፉን ማስረከብ ብቻ የሚበቃው ይመስለዋል። በተለይም ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ቤት በኅብረት ከተከራዩት መካከል አንዱ በሥራ ዝውውር ወይም በጋብቻ ምክንያት ሲወጣ፥ ከአንድ መሶብ ሲበሉ የኖሩ ወዳጆች በጥቂት ብር ሒሳብ ተኳርፈው ሲለያዩ ይታያል። የዚህ ንግግር ዓላማም፥ እንዲህ ያለው ቅሬታ እንዳይደርስ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባውን ማስረዳት ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፥ በኅብረት ከተከራዩት ቤት መልቀቅ በተከራይና በአከራይ መካከል ብቻ የሚፈጸም ጉዳይ አለመሆኑ ነው። ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም በቤቱ ውስጥ የሚቀረው ጓደኛ ነው። የሄደው ሰው ሳይከፍል የተወውን የሚከፍል፥ ሰብሮ ስለ ተወውም የሚጠየቅ ይኸው የቀረው ሰው ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በሦስቱም ወገኖች ፊት ካልተዘጋ፥ ስንብቱ ተፈጸመ ለማለት አይቻልም።

ይህም ነገር በሕግ የተደገፈ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896፥ ብዙ ሰዎች አንድ ዕዳ በገቡ ጊዜ፥ በውላቸው ሌላ ቃል ከሌለ በቀር፥ ለዕዳው በአንድነት ኀላፊዎች እንደሚሆኑ ይደነግጋል። ይህን በቀላል ምሳሌ እንመልከት። ሦስት ሰዎች በአንድ ውል ላይ ፈርመው በወር 9,000 ብር ለመክፈል ቢስማሙ፥ አከራዩ ከእያንዳንዳቸው 3,000 ብር ብቻ እንዲጠይቅ አይገደድም፤ ከፈለገ ከአንዱ ላይ 9,000 ብሩን በሙሉ ሊጠይቅ ይችላል። የከፈለው ሰው የጓደኞቹን ድርሻ መልሶ የመጠየቅ መብት አለው፤ ነገር ግን አንዱ ጓደኛ ርቆ ሄዶ አድራሻው ከጠፋ፥ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ለሚወጣው ሰውም ቢሆን አደጋው ያው ነው። ዕቃውን ከቤት ማውጣቱ ስሙን ከውሉ አያወጣውም። ፊርማው በውሉ ላይ እስካለ ድረስ፥ እርሱ ከሄደ በኋላ ለሚቆጠረውም ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከምን ቀን ጀምሮ ከውሉ እንደ ወጣ የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አከራዩንና የሚቀሩትን ጓደኞቹን ማስፈረም አለበት። ውሉ የተጻፈው በአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነና የሚለቀውም እርሱ ከሆነ ደግሞ፥ የሚቀሩት ሰዎች በቤቱ የሚኖሩበት የራሳቸው ውል ስለሌላቸው፥ እርሱ ከመውጣቱ በፊት ከአከራዩ ጋር በስማቸው አዲስ ውል ሊያደርጉ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፥ በሚሠራባቸው ከተሞች፥ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ በቅድሚያ የሚከፈለውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ ውላችሁ የተመዘገበ ከሆነ፥ ለውጡን ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይበጃል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሒሳቡ አሠራር እንናገራለን።

መጀመሪያ ኪራዩ ነው። የአገራችን ወር ምንጊዜም 30 ቀን ስለሆነ፥ የቀን ድርሻን ማስላት ቀላል ነው። የወር ድርሻው 3,000 ብር የሆነ ሰው በቀን 100 ብር ይደርስበታል ማለት ነው፤ 18 ቀን ኖሮ የወጣ እንደ ሆነ 1,800 ብር ይሆናል። ነገር ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ለመክፈል አስቀድሞ ቃል ገብቶ ከሆነ፥ ቃሉን ይጠብቅ። የጳጉሜን ቀኖች የሚታሰቡ መሆን አለመሆናቸውንም ቀኑ ሳይደርስ መነጋገር ይሻላል።

ሁለተኛው መብራትና ውሃ ነው። በብዙ ግቢ ቆጣሪው ለሁሉም አንድ ሆኖ፥ የፍጆታው ሒሳብ የሚመጣው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ በመውጫው ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በጋራ ማንበብ ያስፈልጋል። ባለፈው ሒሳብ 4,820 ኪሎዋት ሰዓት የነበረው ቆጣሪ በመውጫው ቀን 4,910 ቢያሳይ፥ የሚወጣው ሰው የሚካፈለው 90ውን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ስለሚል፥ እርሱ ከወጣ በኋላ የበዛው ፍጆታ ዋጋውን ሊያንረው ይችላል። ይህን ክርክር ለማስቀረት፥ ባለፈው ወር የተከፈለውን ገንዘብ ለዚያው ወር ፍጆታ አካፍሎ በተገኘው ዋጋ ተስማምቶ መክፈል ነው።

ሦስተኛው በአከራዩ እጅ ያለው ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። ቅድሚያ ክፍያ ማለት ገና ላልተኖረበት ወር የተከፈለ ኪራይ ነው። መያዣ ግን ለጉዳት ወይም ላልተከፈለ ዕዳ ዋስትና የተቀመጠ ገንዘብ ስለሆነ፥ ጉዳትና ዕዳ ከሌለ ለሰጪው ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ በወጣው ሰው ምትክ የሚገባው አዲስ ጓደኛ የመያዣውን ድርሻ ለሚወጣው ይሰጠዋል። ይህ ደግ አሠራር ነው፤ ዳሩ ግን አዲሱ ሰው እርሱ ላልሰበረው መስኮት እንዳይጠየቅ፥ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ቤቱን ከሁሉም ጋር ዞሮ ይመልከት።

ቤቱ ሲታይም እርጅናንና ጉዳትን መለየት ይገባል። በዘመን ብዛት የደበዘዘ ቀለም፥ በመረገጥ ያለቀ ወለል የእርጅና ሥራ ነው። የተሰበረ መስታወት፥ የጠፋ ቁልፍ፥ በኤሌክትሪክ ምጣድ የተቃጠለ ሶኬት ግን ጉዳት ስለሆነ፥ ያደረሰው ሰው ይክፈል። በጋራ ማድ ቤት ውስጥ ማን እንዳደረሰው የማይታወቀውን ሁሉም እኩል ይካፈሉት እንጂ፥ ስለሚሄድ ብቻ በአንዱ ላይ አይጫን። በጋራ የተገዛ ምድጃ ወይም የውሃ በርሜል ቢኖርም፥ በተገዛበት ሳይሆን ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ተገምቶ ድርሻው ይሰጥ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፤ ቀኑ፥ የቆጣሪው ቁጥር፥ የተከፈለውና የተመለሰው ገንዘብ፥ የተረከቡትም ቁልፎች ብዛት ይመዝገብ። ሁሉም ፈርመው ለእያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ ይድረሳቸው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና።

አንዳንድ ሰው ከወዳጅ ጋር እንዲህ መጻጻፍ አለመተማመን ይመስለዋል። ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሒሳቡ የተዘጋለት ሰው ነገ በመንገድ ሲገናኝ ፊቱን የሚያዞርበት ምክንያት የለውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፥ በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮ የኖረ ጓደኛ ለክፉም ለደጉም ቀን የሚደርስ ስለሆነ፥ ቤቱን ስትለቁ እርሱን ደግሞ እንዳታጡ ተጠንቀቁ።